ዕዳ ሲዛወር

በኬንያዋ ሞያሌ ገንዘብ የሚበደር ሰው በአንድ የገበያ ቀን በሦስትና በአራት ቋንቋ ሊበደር ይችላል። ቦረናው «ሊቂ» ይለዋል፤ የስዋሂሊ ተናጋሪው «ደኒ» ይለዋል፤ ከድንበሩ ማዶ የመጣው አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ብድር» ብሎ ይጀምርና «ዕዳ» ብሎ ይጨርሳል። አማርኛ በሁለቱ ቃላት መካከል ያኖረው ልዩነት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ብድር ሰው አስቦና ጠይቆ የሚወስደው ነው፤ ዕዳ ግን ከተወሰደ በኋላ ትከሻ ላይ የሚቀረው ነው። ብድር ይመለሳል። ውለታም ሆነ በቀል «ብድሩን መለሰ» ተብሎ ይነገርለታል። ዕዳ ግን የሚከፈል እንጂ የሚመለስ አይደለም፤ ሳይጠሩት መጥቶ የሚጫን ነገር ሁሉ «ዕዳ ከሜዳ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሁለቱንም ቃላት የማያነሣ ሦስተኛ የአጠራር ዘይቤ መጥቷል። ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ኤምፔሳን ሲጀምር አገልግሎቱ ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ነበር። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ብድርና ቁጠባ ታከሉበትና ስሙ «ኤም-ሽዋሪ» ተባለ። «ሽዋሪ» በስዋሂሊ ጸጥታ፣ የባሕር መርጋት ማለት ነው። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. «ፉሊዛ» ተከተለ፤ ይህም ሳያቋርጡ መቀጠልን ከሚያመለክት የስዋሂሊ ግስ የወጣ ስም ነው። ከድንበሩ ወዲያ በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የብድር አገልግሎት ሲጨምርም አንዱን «መላ»፣ ሌላውን «እንደኪሴ» ብሎ ሰየመው። እርጋታ፣ መቀጠል፣ መላ፣ እንደ ኪስ፦ አራቱም የሚያጽናኑ ስሞች ናቸው፤ ከአራቱ በአንዱም ውስጥ ግን ዕዳ የሚል ቃል የለም።

ስሙ የተሸፈነ ነገር ሒሳቡም ይሸፈናል። ኤም-ሽዋሪ ሲጀመር ለ30 ቀን ብድር ያስከፍል የነበረው 7.5 በመቶ ነው። «ወለድ» አልተባለም፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ተባለ። ሰባት ተኩል ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 10,000 ሽልንግ የወሰደ ሰው በወሩ 750 ሽልንግ ጨምሮ ይከፍላል፤ ዋናውን መክፈል ተስኖት ያንኑ ብድር ከወር ወር እያሳደሰ ዓመቱን ቢፈጽም ክፍያው ብቻ 9,000 ሽልንግ ይሆናል። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል በሚደረግ የብድር ውል ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን እንደ ከለከለ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን እንደሚቀጣ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ስሌት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገሩ በሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ከድንበር ኬላው ብዙም ሳይርቅ ቁርስ ቤት ያላትን የአንዲት ሴት ታሪክ መከተል ይጠቅማል። የተወለደችው ያቤሎ ነው፤ ወደ ኬንያው በኩል የተሻገረችው ካገባች በኋላ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እንጀራ በሽሮ፣ ጨፓቲና የወተት ሻይ ለጭነት መኪና ሾፌሮችና ለረዳቶቻቸው ታቀርባለች። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ሥራዋ ደህና ነበር። በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ ሲመርቁም እንደ ሌሎቹ ባለቁርስ ቤቶች ሁሉ የተሻለ ነገር ተስፋ አድርጋለች።

በጥር 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇ ሁለተኛ ደረጃ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። የትምህርት ክፍያ፣ የደንብ ልብስ፣ ፍራሽና የብረት ሳጥን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈለጉ። ሴትዮዋ ከስልኳ 10,000 ሽልንግ ወሰደች። ገንዘቡ የመጣው ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማንም ለምን አላላትም፤ ዋስ የጠየቃት የለም፤ ፊቷን አይቶ የገመታትም የለም። የዚህ ዐይነቱ ብድር ትልቁ ውበቱ ይህ ነው። ያለ ዘመድና ያለ መሬት በሰው ከተማ የምትኖር ሴት በቁጥር ብቻ ታምና መበደሯ ቀላል ክብር አይደለም፤ ይህን የማይቀበል የሞባይል ብድር ትችት ጎደሎ ነው።

የካቲት ሲመጣ 10,750 ሽልንግ መክፈል ነበረባት። በእጇ ያለው 2,750 ነው። ከሌላ የሞባይል አበዳሪ በተመሳሳይ ክፍያ 8,000 ሽልንግ ወስዳ የፊተኛውን በጊዜው ዘጋች። ስልኳም ወዲያው መልእክት አመጣላት፤ በወቅቱ በመክፈሏ የብድር ጣሪያዋ ከፍ ብሏል። ዱቄትና ዘይት አልቆባት ስለ ነበር በዚያው ዕለት እንደገና 10,000 ወሰደች። ለአበዳሪው መዝገብ እንከን የሌላት ደንበኛ ነበረች፤ በእርሷ ደብተር ግን 10,000 የነበረው ዕዳ 18,000 ሆኗል። የፊተኛው በኋለኛው ተከፈለ እንጂ ከእርሷ ጓዳ የወጣ አልነበረም። አማርኛ ለዚህ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚል አባባል አለው።

ከየካቲት እስከ ሰኔ አራት ጊዜ አሳደሰች። በየወሩ 1,350 ሽልንግ ለሁለቱ አበዳሪዎች ከፈለች፤ አንዱን ለመዝጋት ሌላውን መክፈት፣ ሌላውን ለመዝጋት አንዱን መክፈት የወር ሥራዋ ሆነ። የጥሩን 750 ጨምሮ እስከ ሰኔ መባቻ ድረስ 6,150 ሽልንግ በክፍያ ብቻ ወጥቷል፤ 18,000ው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚህ ሌላ ስኳርና ዘይት በዱቤ ለሚሰጧት ጅምላ ነጋዴ 12,000 ሽልንግ ነበረባት። እርሳቸውን «ሐጂ» ትላቸዋለች። ወለድ አይጠይቁም፤ ነገር ግን በሱቃቸው ደጅ ማለፍ እያስጨነቃት በጀርባው መንገድ መዞር ጀምራ ነበር።

የኬንያ መንግሥት በኅዳር 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው «ሐስለር ፈንድ» የተባለው የብድር ገንዘብ ለእንዲህ ያለው ሰው የታሰበ ነው። ወለዱ በዓመት 8 በመቶ ነው፤ 10,000 ሽልንግ ለ14 ቀን ቢወሰድ 31 ሽልንግ ያህል ብቻ ይታሰባል። ከ750 ሽልንግ ጋር ሲያስተያዩት እንደ ነጻ የሚቆጠር ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አዲስ ተበዳሪ የሚጀምረው በጥቂት መቶ ሽልንግ ነው፤ የመክፈያ ጊዜውም 14 ቀን ነው። ሴትዮዋ ሞክራ የተፈቀደላት 1,000 ሽልንግ ነበር። በሁለት ሳምንት የሚመለስ ርካሽ ብድር በወር የሚመለሰውን ውድ ብድር መተካት አይችልም፤ የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ሲደርስ ያንን ለመክፈል እንደገና ወደ ውዱ መሄድ ይመጣልና።

ታናሽ ወንድሟ ሚኒያፖሊስ ነው። በሰኔ አንድ እሑድ ደውሎ ጭንቀቷን ሲሰማ፣ «እትዬ፣ እዚህ እኮ መፍትሔ አለው፤ ዕዳን ከካርድ ወደ ካርድ ማዛወር ይባላል» አላት። በአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ባንኩ አስቀድሞ እየከፈለለት ይገዛል፤ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ካልመለሰ ወለድ ይታሰብበታል። የዚህ ወለድ አማካይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ታዲያ ሌላ ባንክ፣ «ያንን ዕዳህን ወደ እኔ አዛውር፤ ለተወሰነ ጊዜ ወለድ አልጠይቅህም» ብሎ ይጠራዋል። ጊዜው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር ነው፤ ለማዛወሪያ ከዕዳው ከ3 እስከ 5 በመቶ ይከፈላል። ወንድምየው በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 6,000 ዶላር በ3 በመቶ ክፍያ ለ18 ወር አዛውሮ ነበር። ዕዳው ከክፍያው ጋር 6,180 ዶላር ሆነ፤ በየወሩ 343 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ቢከፍል በ18ኛው ወር ያልቃል። ባያዛውርና ዋናውን ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ በ22 በመቶ ወለድ በአንድ ዓመት ብቻ 1,320 ዶላር ይከፍል ነበር። ሒሳቡ እውነት ነው፤ በ180 ዶላር ዓመት ተኩል መግዛት ርካሽ ግዢ ነው።

እኅቱ ግን ጥያቄ አላጣችም። «አሮጌውን ካርድ ምን አደረግኸው?» አለችው። ዝም አለ። አሮጌው ካርድ ባዶ ሆኖ ኪሱ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የመኪናው ጎማ ሲፈነዳ ተጠቀመበት፤ ቀጥሎ ለእርሷ ለፋሲካ ገንዘብ የላከላት በእርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠረውም። 18ኛው ወር ሲቃረብ በአዲሱ ካርድ 2,500 ዶላር፣ በአሮጌው 3,800 ዶላር ነበረበት። ድምሩ 6,300 ነው። ተዛወረ የተባለው ዕዳ ዓመት ተኩል ዞሮ ከተነሣበት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በአዲሱ ካርድ ላይ የቀረውም ወለድ የሚጀምርበት ቀን ደርሶ ነበር። እኅቱ የፋሲካው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ያወቀችው ያን ዕለት ነው። የሞያሌው ዶሮ በሚኒያፖሊስ ዕዳ ተገዝቶ ኖሯል።

ወደ ሐጂ የሄደችው በዚያው ሳምንት ነው። ያለ ስንቅ አልሄደችም። አንድ የጭነት መኪኖች ባለቤት የሾፌሮቹንና የረዳቶቹን ምግብ በወር እየከፈለ ይመግብላት ነበርና ሦስት ወር ተጠራቅሞ 9,000 ሽልንግ አለባት። ሰውዬው ባለጠጋ ነው፤ ግን ቁርስ ቤት ለመክፈል አይቸኩልም። ይህንኑ ለሐጂ ነግራ ጥቂት እንዲታገሷት ለመነቻቸው። እርሳቸው ግን ከመታገሥ የተሻለ ነገር አነሡ። «ልጄ፣ ሐዋላ ታውቂያለሽ?» አሏት። ከወንድሟ በየጊዜው ገንዘብ የሚደርሳት በሐዋላ ስለሆነ እንደምታውቅ መለሰች። እርሳቸው ሳቅ ብለው የቃሉን የጥንት ትርጉም ነገሯት።

በአማርኛ ሐዋላ ማለት ገንዘብን ከሩቅ አገር መላክ ነው። በእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ግን ቃሉ አስቀድሞ የሚያመለክተው ዕዳን ማዛወርን ነው። ተበዳሪው ለአበዳሪው፣ «የአንተ ገንዘብ በእኔ ዘንድ ነው፤ የእኔ ደግሞ በእገሌ ዘንድ ነው፤ ከእርሱ ተቀበል» ይለዋል። አበዳሪው ሲስማማ ዕዳው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞች ዘንድ በስፋት በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ይህ በሥርዐቱ ከተፈጸመ ፊተኛው ባለዕዳ ነጻ ይወጣል፤ አበዳሪው ተመልሶ አይጠይቀውም። ስለዚህም አበዳሪው ወደ ማን እንደ ተላከ አጣርቶ ማወቅ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ዕዳው ሲዛወር አይጨምርም። 9,000 ሆኖ የወጣ 9,000 ሆኖ ይገባል፤ ጭማሪ ካለበት ወለድ ሆኗልና።

በማግሥቱ ሦስቱ በሐጂ ሱቅ ተገናኙ። ባለመኪናው 9,000ውን ለሐጂ ሊከፍል በምስክር ፊት ቃል ሰጠ፤ በደብተርም ተጻፈ። ከቁርስ ቤት ጋር የነበረውን ቀጠሮ ሦስት ወር ሲያጓትት የኖረ ሰው ከጅምላ ነጋዴው ጋር የገባውን ቀጠሮ በሦስተኛው ሳምንት ፈጸመ፤ ምክንያቱም ለመኪኖቹ ጭነት የሚያገኘው ከእርሳቸውና ከመሰሎቻቸው ነው። ለእርሷ ሊሰበሰብ ያልቻለ ገንዘብ ለእርሳቸው ተሰበሰበ። የሴትዮዋ የሱቅ ዕዳ ከ12,000 ወደ 3,000 ወረደ፤ ለዚህም አንድ ሽልንግ አልተከፈለም። የጀርባውን መንገድም ተወችው።

የቀረው የስልኩ 18,000 ነው። ለእርሱ የተገኘው መላ እቁብ ነበር። በመንገዱ ዳር የሚሠሩ 12 ሰዎች፣ ሐበሻም ቦረናም ቡርጂም ተቀላቅለው፣ በሳምንት 2,000 ሽልንግ የሚጥሉበት እቁብ ሊጀምሩ ነበር። የአንድ ዕጣ ድምር 24,000 ሽልንግ ነው። እቁብን ብዙ ሰው ቁጠባ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ዕጣው መጨረሻ ለሚደርሰው ሰው በእርግጥ ቁጠባ ነው። መጀመሪያ ለሚወስደው ግን ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ አበዳሪዎቹ ደግሞ ገና ተራቸው ያልደረሰ አሥራ አንድ ባልንጀሮቹ ናቸው። ወንድሟ በሚኒያፖሊስ በ180 ዶላር የገዛውን ያለ ወለድ ጊዜ እቁብ በነጻ ይሰጣል። በነጻ የሚሰጠው ግን በሰው ላይ ተደግፎ ነው።

ሴትዮዋ የመጀመሪያው ዕጣ እንዲለቀቅላት ጠየቀች። የእቁቡ ዳኛ ለምን እንደሆነ በሰው ፊት ጠየቃት። ስልኩ ይህን ጠይቋት አያውቅም። የምትከፍለውን ሁሉ፣ ለማንና ስንት እንደሆነ፣ በአሥራ አንድ ሰው ፊት መናገር ነበረባት። ከመካከላቸው ሁለቱ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው እነርሱም ከዚያው ዐይነት ዕዳ ውስጥ እንዳሉ ሲያሳዩ ስብሰባው ጸጥ አለ። በመጨረሻ ሁለት ዋስ እንድታመጣ ተወሰነ። አንዷ ጎረቤቷ ልብስ ሻጭ ሆነች፤ ሁለተኛው ሐጂ ነበሩ።

ገንዘቡን በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ተቀበለች። 18,000 ከመጨረሻው ወር ክፍያ 1,350 ጋር፣ በድምሩ 19,350 ሽልንግ ለሁለቱ የስልክ አበዳሪዎች ከፈለች። ከቀረው 4,650 ላይ 3,000ውን ለሐጂ ሰጥታ የሱቁን ዕዳ ዘጋች። 1,650 ሽልንግ በእጇ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለባት ለአሥራ አንድ ሳምንት የሚጣል 2,000፣ ማለትም 22,000 ሽልንግ ነበር። አሁንም ዕዳ ነው፤ ማንም ምሕረት አላደረገላትም። ለውጡ በየወሩ 1,350 ሽልንግ እየወለደ የሚኖረው ዕዳ የማይወልድና መጨረሻው የታወቀ ዕዳ መሆኑ ነው። በዚያው ዕለትም የሁለቱንም አበዳሪዎች አገልግሎት ከስልኳ ላይ አዘጋች። ከእርሷ ይልቅ ወንድሟ የዘለለው ይህንን ነበር።

መዝጋቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የፉሊዛን አሠራር ያየ ሰው ይገባዋል። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሲጎድል አገልግሎቱ ሞልቶ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ስልኩ የሚገባ ማንኛውም ገንዘብ አስቀድሞ ዕዳውን ይከፍላል። ለሻይ የተከፈለ 50 ሽልንግ ባለሻይዋ ሳታየው ይሄዳል። ነገ ስኳር ለመግዛት እንደገና መበደር አለባት፤ የተበደረችውም ነገ በሚመጣ ሽያጭ ይወሰዳል። ስሙ እንደሚለው ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ በር ላይ ሌላ ብድር ቢመጣ የሚጨምረው የበሩን ቁጥር ነው።

በዚያው ወር፣ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በይፋው ተመን 57 ብር ገደማ የነበረ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድንበር ገበያ የሚሠራበት ምንዛሪ ከይፋው ቀድሞ ርቆ ስለ ነበር ለውጡ የሁሉንም ሰው ኪስ እኩል አልነካም። ዋሷ የሆነችው ልብስ ሻጭ ግን ደንበኞቿ ከኢትዮጵያው በኩል ናቸው፤ በብር ትሸጣለች፤ ዕዳዋ በሽልንግ ነው። ያው 5,000 ሽልንግ ከወር ወደ ወር ብዙ ልብስ ይፈልግ ጀመር። በድንበር ከተማ ዕዳን የሚያዛውር ሰው ከአንዱ አበዳሪ ወደ ሌላው ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ገንዘብ ወደ ሌላው ሊያዛውር ይችላልና፣ ገቢው በምን እንደሆነ ሳያይ ከተሻገረ ምንዛሪው ራሱ አበዳሪ ይሆንበታል።

በነሐሴ፣ በሰባተኛው ሳምንት፣ ገበያው ቀዘቀዘ። እሑድ የሚጣለው 2,000 ሽልንግ ዐርብ ላይ 700 ብቻ ነበር። ስልኳ ደግሞ ለቀድሞ መልካም ደንበኛነቷ አዲስ የብድር ጣሪያ የሚያቀርብ መልእክት አመጣላት፤ ሁለት ቁጥር መጫን ብቻ ይበቃ ነበር። የዚያን ሌሊት እንዳልተኛች ለጎረቤቷ ነግራታለች። ብትጫነው እቁቡ አያውቅም፤ ባትጫነውና ባትጥል ግን ዳኛው ዋሶቹን ይጠራል፤ ከዋሶቹ አንዷ ራሷ በምንዛሪው የተጎዳች ናት። ቅዳሜ ጧት ለመስቀል ያሰበቻትን ፍየል ገበያ አውጥታ ሸጠች። ልጆቿ ጠየቋት፤ የመለሰችላቸው፣ «ፍየሏ በሰው ፊት ተበልታለች» የሚል ነበር።

ይህን የመሰለ ታሪክ ሲነገር ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ቅርብ ናቸው። አንደኛው ዕዳን ማዛወር የሞኝ ሥራ ነው የሚለው ነው። አይደለም፤ ባታዛውር ኖሮ ያ 1,350 በየወሩ በወጣ ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብቻ አራት ሺህ ሽልንግ ያህል በቤቷ ቀርቷል፤ የልጇ የሦስተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍያ ከፊሉ ከዚያ ነው የተከፈለው። ሁለተኛው የድሮው ሁሉ ደግ፣ የስልኩ ሁሉ ክፉ ነው የሚለው ነው። የስልክ አበዳሪዎችም ቀስ በቀስ ሕግ እየገዛቸው ነው። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ዲጂታል አበዳሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡና የተበዳሪን ዘመድ ወዳጅ እየደወሉ ማዋረድን እንዲተዉ አዟል። እቁብም ቢሆን ሰው ሲከዳው የሚያለቅሱበት አለ፤ ሐዋላም በደህና ባለዕዳ ላይ ካልተመሠረተ ባዶ ቃል ነው። ለዚህች ሴት ሁለቱም የሠሩት በከተማዋ ለዓመታት ታምና ስለኖረች ነው፤ ትናንት የመጣ ስደተኛ ያንን ዋስ ከየት ያመጣል? ለእርሱ ስልኩ ብቸኛው አበዳሪ ሊሆን ይችላል።

የሚለያቸው ሌላ ነው። ዕዳ ሲዛወር ከፊተኛው ቦታ መነሣት አለበት፤ በፊተኛው ቦታ አዲስ ዕዳ የሚበቅል ከሆነ የተዛወረው ዕዳው ሳይሆን ባለዕዳው ነው። ይህን ደግሞ ከወለዱ መጠን ይልቅ የሚወስነው ተመልካች መኖሩና አለመኖሩ ነው። በስልክና በካርድ የሚዛወር ዕዳ ማንም ሳያየው ይዛወራል፤ ማንም ሳያየውም ይመለሳል። በሐጂ ሱቅና በእቁቡ ስብሰባ የተዛወረው ግን ስም፣ መጠንና ቀን ተቆርጦለት፣ በምስክር ፊት ነው። የሚያሳፍር ነው። ያ ኀፍረት ግን በነሐሴ ሌሊት ጣቷን ከቁልፉ ላይ ያነሣላት እርሱ ነበር።

የመጨረሻውን ዕጣ ከጣለች በኋላ ወንድሟ ደወለ። አዲስ ባንክ ሌላ ካርድ አቅርቦለት ሁለቱንም ዕዳ አንድ ላይ ሊያዛውር አስቦ ነበር። አልከለከለችውም። «አዛውረው፤ ግን አሮጌዎቹን ሁለቱንም በመቀስ ቁረጥና ሰው ባለበት ቁረጣቸው» አለችው። በዚያ አገር ኢትዮጵያውያን እቁብ እንዳላቸው ታውቃለችና እዚያ መግባቱንም ጠየቀችው። አፍሮ እንደ ቀረ ነገራት፤ ስንት እንዳለበት መናገር ሊመጣ ነውና። «እኔም እንደዚያው ነበርሁ» ብላ 18,000 እንዴት ብላ እንደ ተናገረች፣ ሁለቱ ሰዎች ስልካቸውን እንዴት እንዳወጡ አጫወተችው። ለፋሲካም ምንም እንዳይልክላት አስጠነቀቀችው።